የሲ++ ኦብጀክት በፓይተን ሲታተም ስለሚያሳየው ጽሑፍ

ጠያቂው በደብረ ብርሃን የሚሠሩ የሶፍትዌር ባለሙያ ናቸው። በሰሜን ሸዋ ካሉ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች የሚመጣውን የየዕለት ንባብ የሚይዝና የሚያሰላ ላይብረሪ በሲ++ ጽፈው፣ ባልደረቦቻቸው ከፓይተን እንዲጠሩት በፓይባይንድ11 አገናኝተውታል። የላኩት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጣቢያ ለሚባለው ክላስ በሲ++ በኩል ባለሁለት ቀስቱን የማተሚያ ኦፐሬተር (<<) ጽፌለታለሁ፤ እዚያ ሳትመው ስሙንና ከፍታውን በትክክል ያወጣል። በፓይተን ግን የክላሱ ስምና የሜሞሪ አድራሻ ብቻ ነበር የሚወጣው። ስትር የሚባለውን ሜተድ ስጨምርለት አንዱ ጣቢያ ለብቻው ሲታተም ተስተካከለ፤ የጣቢያዎችን ዝርዝር ሳትም ግን አሁንም አድራሻ ነው። ሠንጠረዥ እንዲሆንልኝ ስሙን ሃያ ላይ እየቆረጥሁ ሳወጣ ደግሞ አንኮበር፣ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና ዓለም ከተማ በደኅና ያልፋሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። አንዲት ባልደረባዬ በፓይተን ንዑስ ክላስ ሠርታ የራሷን አጻጻፍ ብትሰጠውም፣ በሲ++ የሚታተመው ሪፖርት የእሷን አጻጻፍ አያውቀውም። ጉድለቱ የፓይባይንድ ነው ወይስ የእኔ? ሁሉንም ትቼ በፓይተን በኩል ብቻ ብጽፈው ይሻላል?»

ጉድለቱ የፓይባይንድ11 አይደለም። የዘረዘሯቸው አራት ምልክቶችም ከአንድ ምንጭ የመጡ አይደሉም፤ የደብረ ብርሃኑ ስህተት ከሌሎቹ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ስለዚህ ለብቻው መታየት አለበት። ሁሉንም ወደ ፓይተን ማዛወሩንም አልመክርም። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከጥያቄው ሥር ያለውን የተሳሳተ ግምት ማንሣት ያስፈልጋል።

ግምቱ፣ አንድ ኦብጀክት ሲታተም የሚወጣው ጽሑፍ የኦብጀክቱ የራሱ ንብረት ስለሆነ ኦብጀክቱ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል የሚል ነው። እንዲህ አይደለም። በሲ++ ባለሁለት ቀስቱ ኦፐሬተር ከክላሱ ውጭ የቆመ ተራ ፋንክሽን ነው፤ የትኛው እንደሚጠራ የሚወስነው ኮምፓይለሩ ነው፤ የሚወስነውም ፕሮግራሙ ከመሮጡ በፊት፣ በኮዱ ላይ የተጻፈውን ዓይነት አይቶ ነው። ፓይተን በተቃራኒው ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ የኦብጀክቱን ክላስ ይከፍትና፣ በስማቸው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ካለባቸው ልዩ ሜተዶች መካከል የሚፈልገውን ይጠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ፓይባይንድ11 የሚያሻግረው በግልጽ እንዲያሻግር የነገሩትን ብቻ ነው። ኦፐሬተሩን ስለ መኖሩ እንኳ አልነገሩትም፤ ስለዚህ ፓይተን የራሱን ነባሪ ጽሑፍ፣ ማለትም የሞጁሉንና የክላሱን ስም ከአድራሻ ጋር በማዕዘን ቅንፍ አድርጎ አወጣ። ከፓይባይንድ11 በፊት በሰፊው ይሠራበት የነበረው ቡስት ፓይተን ኦፐሬተሩን በአንድ መስመር ወደ ስትር የሚቀይር አቋራጭ ነበረው፤ እሱም ቢሆን ያንን መስመር ካልጻፉለት በራሱ አያደርገውም ነበር።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንምጣ። ፓይተን ለአንድ ኦብጀክት ሁለት የጽሑፍ መልክ ያውቃል። ስትር ለአንባቢ የተዘጋጀ ነው፤ ፕሪንት የሚጠራው እሱን ነው። ሪፕር ደግሞ ፕሮግራሙን ለሚጽፈውና ስህተት ለሚያድነው ሰው የተዘጋጀ ነው፤ በተርሚናሉ ላይ የተለዋዋጩን ስም ብቻ ጽፈው ሲመቱ የሚወጣው፣ በዲበገር መስኮት የሚታየው፣ ፈተና ሲወድቅ የሚነበበው እሱ ነው። እርስዎን ያደናገረው ሕግ እነሆ፦ ዝርዝር፣ ቱፕልና ዲክሽነሪ ራሳቸው በስትር ቢጠሩም፣ በውስጣቸው ያሉትን አባላት የሚያሳዩት በሪፕር ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የቁጥር 5ና የጽሑፍ «5» ልዩነት በዝርዝር ውስጥ የሚታወቀው ሪፕር የጥቅስ ምልክቱን አብሮ ስለሚያሳይ ነው። የእርስዎ ጣቢያ ስትር እንጂ ሪፕር ስለሌለው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ወደ ነባሪው አድራሻ ተመለሰ።

የመተካካቱ አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው። ስትር ከሌለ ፓይተን ሪፕርን በምትኩ ይጠቀማል፤ ሪፕር ከሌለ ግን ስትርን አይጠቀምም። ስለዚህ አንዱን ብቻ ለመጻፍ ጊዜ ያለው ሰው ሪፕርን ይጻፍ። እርስዎ ከሁለተኛው ጀመሩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚሞክሩት ፕሪንትን ስለሆነ ችግሩ የተፈታ ይመስላል።

በሁለቱ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ መወሰን ከኮዱ በላይ ማሰብ ይጠይቃል። የፓይተን ልማድ፣ የሚቻል ከሆነ ሪፕር መልሶ ቢጻፍ ያንኑ ኦብጀክት የሚሠራ ትክክለኛ የፓይተን አገላለጽ እንዲሆን ነው፤ የማይቻል ከሆነ ደግሞ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ጠቃሚ መግለጫ ይሁን ይላል። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስያሜ ውስጥ ስለሚቀበል፣ ክላስዎን በእርግጥ ጣቢያ ብለው ሊሰይሙትና ሪፕሩን እንዲህ ሊያደርጉት ይችላሉ፦

ጣቢያ(ስም='ደብረ ብርሃን', ከፍታ=2840)

ይህ መስመር ከሎግ ላይ ተቀድቶ ተርሚናል ላይ ቢለጠፍ ይሠራል፤ ሌሊት የደረሰን ስህተት ጠዋት መልሶ ለመፍጠር ከዚህ የሚበልጥ ረዳት የለም። ስትሩ ደግሞ «ደብረ ብርሃን፣ 2840 ሜትር» ቢል በቂ ነው፤ አንባቢው ቅንፍና የእኩል ምልክት አያስፈልገውም።

ሪፕሩን በሲ++ በኩል ሲጽፉ ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው፣ የስሙን የጥቅስ ምልክት በእጅ ግራና ቀኝ አለመለጠፍ ነው፤ በስሙ ውስጥ ራሱ ነጠላ ጥቅስ ወይም የመስመር መስበሪያ ቢገባ የሚወጣው አገላለጽ የተበላሸ ይሆናል። ስሙን ወደ ፓይተን ጽሑፍ ቀይረው የፓይተንን የራሱን ሪፕር ከፓይባይንድ11 ውስጥ ይጥሩለት፤ ጥቅሱን እሱ በትክክል ይሠራዋል፤ የግዕዙንም ፊደል እንዳለ ይተወዋል። ሁለተኛው፣ የክላሱን ስም በቋሚ ጽሑፍነት አለመጻፍ ነው። ባልደረባዎ ነገ ጣቢያን ወርሳ «የተራራ_ጣቢያ» የሚል ንዑስ ክላስ ስትሠራ፣ የእርስዎ ሪፕር አሁንም «ጣቢያ» እያለ ያሳስታታል። ሪፕሩን የሚሠራው ላምዳ (ስም የሌለው ፋንክሽን) የሲ++ን ማጣቀሻ ከመቀበል ይልቅ የፓይተኑን ኦብጀክት ራሱን ይቀበል፤ ከዓይነቱ ስሙን ይጠይቅ፤ ከዚያ ወደ ሲ++ ይቀይረው። የሁለት መስመር ልዩነት ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ነው። የሲ++ መደበኛ ስትሪንግ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ባዶ ቦታ ግን አንድ ባይት ነው። ስሞቹን በጣት እንቁጠራቸው። አንኮበር አምስት ፊደል ነው፤ 15 ባይት። መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት እያንዳንዳቸው አምስት ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ ናቸው፤ 16 ባይት። ዓለም ከተማ ስድስት ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ ነው፤ 19 ባይት። ደብረ ብርሃን ግን ሰባት ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ ስለሆነ 22 ባይት ነው። እርስዎ «ሃያ ፊደል» ብለው የቆረጡት በእርግጥ ሃያ ባይት ነበር፤ ከስድስቱ ስሞች ሃያን የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው።

መቁረጫው ደብረ ብርሃን ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። «ደብረ» ዘጠኝ ባይት፣ ባዶ ቦታው አሥረኛው፣ «ብርሃ» እስከ 19ኛው ባይት ይደርሳል። 20ኛው ባይት የ«ን» የመጀመሪያ ሲሶ ነው፤ ቀሪዎቹ ሁለት ባይቶች ተቆርጠው ወደቁ። ሲ++ ይህን አይቶ ምንም አይልም፤ ባይት ባይት ነውና ወደ ተርሚናሉ ይልከዋል፤ ተርሚናሉም መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት አልማዝ ያሳይ ይሆናል። ፓይባይንድ11 ግን ስትሪንጉን ወደ ፓይተን ሲያሻግር ዩቲኤፍ-8 ነው ብሎ ይፈታዋል፤ ግማሽ ፊደል ሲያገኝ የዩኒኮድ መፍታት ስህተት ያወጣል። የስህተት መልእክቱን መልሰው ቢያዩት ቦታው 19 ተብሎ መጻፉን ያገኛሉ፤ ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር ያው 20ኛው ባይት ነው። ስለዚህ የድንበር መሻገሪያው ያደረገው ከዚያ ወዲያ ማዶ የተሠራን ስህተት ማጋለጥ ብቻ ነው፤ በሲ++ ብቻ ቢሠሩ ኖሮ ይህ ቁራጭ ፊደል ወደ መረጃ ቋቱ ገብቶ ከዓመት በኋላ ይገኝ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሲ++ ውስጥ አይቁረጡ። ስሙ ሙሉ ሆኖ ይሻገር፤ መቁረጥና ማስተካከል የሚያስፈልገው ማሳያው ላይ ስለሆነ በፓይተን ይደረግ፤ የፓይተን ጽሑፍ የሚቆጥረው ባይትን ሳይሆን የዩኒኮድ ምልክትን ስለሆነ፣ ደብረ ብርሃን እዚያ ስምንት ነው። በሲ++ የግድ መሠራት ካለበት ከ2020 ደረጃ ወዲህ የመጣውን ፎርማት የተባለውን መሣሪያ ይጠቀሙ፤ የስፋትና የመቁረጫ ልኩን በሚታየው ምልክት እንጂ በባይት ስለማይለካ ፊደልን መሀል ላይ አይሰብርም። ቅድመ ሁኔታው ኮምፓይለሩ ጽሑፍን በዩቲኤፍ-8 እንዲይዝ መደረጉ ነው፤ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ይህ በነባሪ ስለማይሆን በአማራጭ ማዘዝ ያስፈልጋል። የድሮው የወርድ ማስተካከያ ግን፣ ማለትም ከባለሁለት ቀስቱ ኦፐሬተር ጋር የሚሠራው፣ ባይት ነው የሚቆጥረው። ወርዱን ሃያ ቢሉት ለአንኮበር አምስት ባዶ ቦታ ሲጨምር ለዓለም ከተማ የሚጨምረው አንድ ብቻ ነው፤ በዓይን የሚታየው ውጤት አንዱ አሥር ሌላው ስምንት ቦታ የያዘ ጠማማ ዓምድ ነው። ዓምድዎ ከተጣመመ ምንጩ ይህ ነው።

አንድ ገደብ ግን ይቀራል፤ ልደብቀው አልፈልግም። ቆጠራው ትክክል ቢሆንም እንኳ የግዕዝ ፊደላት ወርዳቸው አንድ አይደለም፤ አብዛኛው ተርሚናል የሚጠቀምበት ፎንትም ከላቲኑ እኩል አያስተካክላቸውም። በተርሚናል ላይ በባዶ ቦታ የተስተካከለ የአማርኛ ሠንጠረዥ በሁሉም ማሽን ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ለአለቃ የሚቀርብ ሠንጠረዥ ከሆነ በዓምድ በተከፋፈለ ፋይል ወይም በኤችቲኤምኤል ይውጣ፤ ጁፒተር የተባለውን የኮድ ደብተር ለሚጠቀሙት ደግሞ ለዚሁ የተመደበ የኤችቲኤምኤል ሪፕር ሜተድ አለ፤ ከዋናው ሪፕር ጎን ሊጻፍ ይችላል።

በፓይተን ስታስተካክሉ የምትገጥማችሁ አንዲት ጉድጓድ አለች። ጣቢያውን ራሱን በኤፍ-ስትሪንግ (እሴት በመሀሉ በሚገባበት የፓይተን ጽሑፍ) ውስጥ አስገብቶ ወርድ ቢሰጡት የዓይነት ስህተት ይወጣል፤ ምክንያቱም ነባሪው የፎርማት ሜተድ ባዶ ያልሆነ መመሪያ አይቀበልም። ወይ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ምልክት ከወርዱ በፊት ያስገቡ፣ ወይም ለክላሱ የፎርማት ሜተድ ጽፈው መመሪያውን ለስትሩ ውጤት ያስተላልፉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ባልደረቦችዎ ምልክቱን እንዲያስታውሱ ከመጠየቅ አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል።

ቁጥሮችም እንደ ፊደሎቹ ሁለት መልክ አላቸው፤ ጥያቄዎ ባያነሣውም የሚቀጥለው መሰናክልዎ ይህ ስለሆነ አልፌው አልሄድም። የሲ++ ማተሚያ አስርዮሽ ቁጥርን በነባሪ በስድስት ጉልህ አኃዝ ብቻ ያወጣል። ኬንትሮስ 39.532687 ቢሆን 39.5327 ብሎ ያወጣዋል፤ ፓይተን ግን ያንኑ ቁጥር መልሶ የሚያስገኘውን አጭሩን ጽሑፍ ስለሚጽፍ 39.532687 ይላል። ስድስቱ አኃዝ ኬንትሮስን በአራት የአስርዮሽ ቦታ ስለሚያስቀር፣ የጣቢያው ቦታ መሬት ላይ እስከ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ሊሳሳት ይችላል፤ የደብረ ብርሃን ኬክሮስ ከ10 በታች ስለሆነ ደግሞ አምስት ቦታ ይተርፈዋል፤ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ዓይነት ትክክለኛነት ማለት ነው። ቁጥርን ወደ ስትሪንግ የሚቀይረው የተለመደው የሲ++ ፋንክሽን ደግሞ እስከ ሲ++23 ደረጃ ድረስ ሁልጊዜ ስድስት የአስርዮሽ ቦታ ያወጣል፤ 4.2 ሚሊሜትር ዝናብ 4.200000 ይሆናል፤ መለኪያው ያልለካውን ትክክለኛነት የለካ ያስመስላል። የሲ++ ፎርማት ያለ መመሪያ ሲጠራ እንደ ፓይተኑ አጭሩን ጽሑፍ ስለሚሰጥ እሱን ይጠቀሙ። የንባቡን ጥራት ምልክት በስምንት ቢት ኢንቲጀር ይዘው ከሆነም ይጠንቀቁ፤ ባለሁለት ቀስቱ ኦፐሬተር እሱን ቁጥር ሳይሆን ፊደል አድርጎ ያወጣዋል፤ 7 የሚለው ምልክት በማያ ላይ ምንም ሳይታይ የደወል መቆጣጠሪያ ሆኖ ያልፋል። በፓይተን በኩል ግን ያው እሴት 7 ሆኖ ይታያል፤ ሰውም የትኛው ትክክል እንደሆነ ሲከራከር ይውላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የባልደረባዎ ንዑስ ክላስ ነው። እሷ በፓይተን የጻፈችው ስትር በፓይተን ሲታተም ይሠራል፤ በሲ++ ሪፖርት ውስጥ ግን የሚጠራው ኦፐሬተር ቨርቹዋል (ፕሮግራሙ ሲሮጥ በንዑስ ክላስ ሊተካ የሚችል) አይደለም፤ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ፕሮግራሙ ሳይሮጥ ተወስኖ አልቋል። ሪፖርቱ የእሷን አጻጻፍ እንዲሰማ ከፈለጉ በሲ++ ክላስ ውስጥ አንድ ቨርቹዋል የጽሑፍ ሜተድ ያስፈልጋል፤ ኦፐሬተሩ እሱን ብቻ ይጥራ፤ ከዚያ ፓይባይንድ11 ትራምፖሊን በሚለው መሸጋገሪያ ክላስ አማካይነት ሜተዱ ሲጠራ በፓይተን በኩል ስትር የሚባል መተኪያ ካለ እሱን ፈልጎ እንዲጠራ ይደረግ። የሲ++ና የፓይተን ስሞች የተለያዩ ሲሆኑ ሁለቱንም ስም የሚቀበል ማክሮ ለዚሁ ተዘጋጅቷል፤ የፓይተንን ዋና መቆለፊያም ማክሮው ራሱ ይይዝልዎታል።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ማብቂያ የሌለው ዙር ነው፤ የፓይተኑ ስትር የወላጁን ስትር ሲጠራ፣ ያም ቨርቹዋሉን፣ ቨርቹዋሉም ተመልሶ የፓይተኑን ይጠራል። ፓይባይንድ11 ቀጥተኛውን ዙር የሚለይበት መከላከያ አለው፤ በረዳት ፋንክሽን በኩል ዞሮ የሚመጣውን ግን አይለይም። ስለዚህ ለፓይተን የሚያቀርቡት የወላጁ ስትር ቨርቹዋሉን ሳይሆን በክላሱ ስም ለይተው የወላጁን ጽሑፍ በቀጥታ ይጥራ። ሁለተኛው፣ የሲ++ መዝገብዎ ጣቢያዎችን በዋጋ ገልብጦ የሚይዝ ከሆነ የንዑስ ክላሷ ክፍል በግልበጣው ተቆርጦ ይጠፋል፤ ኦብጀክቱን ሳይገለብጥ በሚያመለክት የጋራ ጠቋሚ መያዝ አለበት። ሦስተኛው፣ በጋራ ጠቋሚ ቢያዝም እንኳ የፓይተኑ ኦብጀክት ከሜሞሪ ከተሰበሰበ መተኪያው አብሮት ይሄዳል፤ ሪፖርቱም ድምፅ ሳያሰማ ወደ ወላጁ አጻጻፍ ይመለሳል። መዝገቡ በሕይወት እስካለ ድረስ የፓይተኑ ኦብጀክትም እንዲኖር ምዝገባውን ሲያገናኙ የማቆያ መመሪያ ይስጡ። ይህን ሁሉ ያልኩት ሊያስፈራዎት አይደለም፤ የሲ++ ሪፖርት የፓይተንን አጻጻፍ መስማት በእርግጥ የሚያስፈልገው መሆኑን መጀመሪያ እንዲጠይቁ ነው። ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ሪፖርቱን ከፓይተን በኩል ማተም ይቻል እንደሆነ ያጣሩ፤ ከተቻለ ትራምፖሊኑን ይተዉት።

የጣቢያዎቹን ቬክተር (የሲ++ን ዝርዝር) ወደ ፓይተን የሚያሻግሩበት መንገድም መልኩን ይለውጣል። ፓይባይንድ11 ቬክተሩን ወደ ተራ የፓይተን ዝርዝር ገልብጦ የሚያሻግር ከሆነ አባላቱ በፓይተን ሪፕር ይታያሉ። ቬክተሩን ሳይገለብጡ በራሱ ዓይነት ካገናኙት ግን ፓይባይንድ11 ባለሁለት ቀስት ኦፐሬተር ያለው አባል ሲያገኝ ለቬክተሩ ሪፕር በራሱ ይሠራለታል፤ አባላቱንም የሚያሳየው በሲ++ው ኦፐሬተር ነው። በዚህ ጊዜ በፓይተን የጻፉት ሪፕር አይጠራም። ሁለቱም መንገዶች በአንድ ላይብረሪ ውስጥ ካሉ፣ ያው ጣቢያ እንደ መጣበት በር ሁለት ዓይነት ሆኖ ይታያል፤ ይህን ካላወቁ ስህተቱን ሲያድኑ ቀናት ይሄዳሉ።

የሁለቱ ቋንቋዎች ማተሚያ ቋት የተለያየ መሆኑንም ይወቁ። ውጤቱን ወደ ፋይል ሲያዞሩ የሲ++ው መስመር ከፓይተኑ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢገኝ ቅደም ተከተሉ የተዛባው ለዚህ ነው፤ በጁፒተር ውስጥም የሲ++ው ጽሑፍ እንደ ሥሪቱና እንደ ማሽኑ ደብተሩ ላይ ሳይሆን ሰርቨሩ በተነሣበት ተርሚናል ላይ ሊወጣ ይችላል። ፓይባይንድ11 የሲ++ን የማተሚያ ውጤት ወደ ፓይተን የሚመልስ መሣሪያ አለው፤ ከዚህ በላይ አልገባበትም።

ስለ ሪፕር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። በአንድ ወቅት የጻፍኩት ሪፕር የጣቢያውን የዓመት ሙሉ የዕለት ንባብ ይዘረዝር ነበር፤ ንባቡን ለማግኘትም መቆለፊያ ይይዝ ነበር። ሥራው ሁሉ ደኅና ሄዶ፣ መቆለፊያውን የያዘ ክፍል ስህተት ገጠመውና ሎጉ ኦብጀክቱን ሊጽፍ ሪፕሩን ጠራ፤ ሪፕሩ ያንኑ መቆለፊያ ሲጠብቅ ፕሮግራሙ ምንም የስህተት መልእክት ሳይተው ደርቆ ቀረ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ሪፕር የሚጠራው ነገሮች በተበላሹበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ አጭር ይሁን፤ መቆለፊያ አይያዝ፤ ፋይልም ኔትወርክም አይንካ፤ በምንም ምክንያት ስህተት አያውጣ። ንባቦቹን መዘርዘር ሳይሆን ብዛታቸውን መናገር ይበቃዋል። ደግሞም መረጃን በሪፕር ጽፎ ማስቀመጥና መልሶ ማንበብ አይገባም፤ ልማዱ አገላለጹ መልሶ ይሠራል ቢልም፣ ከማይታመን ፋይል የመጣን ጽሑፍ እንደ ኮድ ማስኬድ አደጋ ነው፤ ለማስቀመጥ ጄሰን አለ።

ሁሉንም በፓይተን ብቻ ልጻፈው ወይ ላሉት፦ ማድረግ ይቻላል፤ በፓይባይንድ11 ለተሠራ ክላስ ከፓይተን ፋይል ሆነው ሪፕርን መመደብ ይሠራል። ለአንድ ኦብጀክት ለብቻው መመደብ ግን አይሠራም፤ ፓይተን ልዩ ሜተዶችን የሚፈልገው ከክላሱ እንጂ ከኦብጀክቱ አይደለም። ይህ መንገድ የሲ++ው ምንጭ ኮድ በእጅዎ በሌለበት ጊዜ ትክክለኛው ነው። በእርስዎ ሁኔታ ግን ምንጩ በእጅዎ ነው፤ የሲ++ው ሎግና ሪፖርትም ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል። በፓይተን ብቻ ከጻፉ አጻጻፉ ሁለት ቦታ ይኖራል፤ አንዱ ተሻሽሎ ሌላው ሲቀር መረጃው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት የሚመስልበት ቀን ይመጣል።

ስለዚህ የምመክርዎ ቁርጥ ያለ ነው። የጣቢያውን የአንባቢ ጽሑፍ በሲ++ በአንድ ፋንክሽን ብቻ ይጻፉ፤ በውስጡም ፎርማትን ይጠቀሙ፤ ምንም አይቁረጡ። ባለሁለት ቀስቱ ኦፐሬተርና የፓይተኑ ስትር ይህንኑ ፋንክሽን ይጥሩ፤ ከእሱ ውጭ የራሳቸው ቃል አይኑራቸው። ሪፕሩን ለይተው ይጻፉ፤ የክላሱን ስም ከዓይነቱ፣ የጽሑፉን ጥቅስ ከፓይተን ይውሰድ። ወርድና ዓምድ በፓይተን በኩል ይሠራ። ቨርቹዋሉንና ትራምፖሊኑን ባልደረባዎ ሪፖርቱን ከፓይተን ማውጣት እንደማትችል ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ ፈተና ይጻፉ፤ ጣቢያው ለብቻው፣ በዝርዝር ውስጥ፣ በቬክተር ውስጥና ከንዑስ ክላስ ሲታተም የሚወጣውን ያወዳድር፤ በፈተናው ውስጥ ያሉት ስሞችም በላቲን ፊደል የተጻፉ መሞከሪያ ስሞች አይሁኑ፤ አንኮበር፣ ዓለም ከተማና ደብረ ብርሃን ይሁኑ፤ 15፣ 19ና 22 ባይት ናቸውና።